ያልተገኙ ስህተቶች

ዘሚራ አብዱራዛቅ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ መደለቅ የጀመረው ፕሮግራሙን ብቻዋን እንድትይዝ ከተደረገች በኋላ ነው። ሞጣና ቢቸና ላይ አንድ አንድ ክሊኒክ የነበረው የበጎ አድራጎት ድርጅት የሕመምተኞቹን ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያዛወረው በ2005 ዓ.ም. ነበር። ፕሮግራሙን ሦስት ወጣቶች ጻፉት። ሁለቱ ብዙም ሳይቆዩ የተሻለ ሥራ አግኝተው አዲስ አበባ ገቡ። የቀረችው ዘሚራ ናት፤ የእህል ነጋዴው የሐጅ አብዱራዛቅ የመጀመሪያ ልጅ፣ እዚያው ሞጣ ተወልዳ ያደገች፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምራ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች።

ስልኩ የሚጮኸው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነበር። ካርድ አልከፍት ይላል። የመድኃኒት ስም ሁለት ጊዜ ይወጣል። የቢቸናዋ ነርስ ያስገባችው እዚያው ላለው ሐኪም አይታይም። ዘሚራ ታስተካክላለች፤ አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይበላሻል። ፍርሃቷን ግን ለማንም አትናገርም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ቢያድግልኝ ለእንግዳ ሲያስተዋውቋት «የእኛ አንበሳ» ነበር የሚሏት። እንዲህ ከተባለች ወዲያ ፈራሁ ብላ በየትኛው አፏ ትናገር?

ሰማው የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ሰማው ገብረ ኪዳን የቢቸና ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ያረፉ ሰው ናቸው፤ የእናቱ የወይዘሮ ስንቄ ግቢ ዛሬም ካህንና ተማሪ አይጠፋበትም። ልጁ ግን የአባቱን መንገድ ትቶ ሶፍትዌር አጠና። ለሁለተኛ ዲግሪው የያዘው ጥናት አንድ ፕሮግራም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሲጠገን፣ ሲጨመርበት፣ ሲለዋወጥ ምን እንደሚሆን የሚመረምር ነበር። የክሊኒኮቹን ፕሮግራም እንዲያጠና ተፈቀደለትና በ2007 የካቲት ላይ ሞጣ ገባ።

በመጀመሪያው ቀን የዘሚራ ቢሮ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሮቶ ሣለ። ከላይ ውኃ የሚገባባቸው፣ ከታች በቧንቧ የሚወጣባቸው።

«ሲስተም ዳይናሚክስ ይሉታል» አላት። «ሥራሽን ቁርጥራጭ አድርጌ አላየውም፤ እንደሚፈስ ውኃ ነው የማየው። ይሄኛው ሮቶ ሰው ደውሎ የነገረሽ ስህተት ነው። በዚህ ይገባል፤ ስታስተካክዪው በዚህ ይወጣል።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ፣ ግን ማንም ገና ያላገኘው ነው።»

«ከየት ነው የሚሞላው?»

ሰማው ትንሽ አመነታ። «ከጥድፊያ» አላት። «ስልክ ሲበዛብሽ ትቸኩያለሽ። ስትቸኩዪ በቅጡ ሳትሞክሪው ታስገቢያለሽ። እሱ አዲስ ስህተት ይወልዳል፤ የወለደው ግን ዛሬ አይታይም። ከርሞ ከርሞ ስልክ ሆኖ ይመጣል። ያኔ ስልኩ ይበዛል፤ አንቺም ይበልጥ ትቸኩያለሽ።» ከሮቶ ወደ ሮቶ የሚዞር ቀስት አሠመረ። «እየዞረ ራሱን የሚያሳድግ ነገር ነው። ስልኩ ዝም ያለ ቀን ደግሞ ሁሉም ደህና የሆነ ይመስልሻል። እኔ የምፈራው ያን ቀን ነው።»

ዘሚራ ሰሌዳውን አየች። ለሰው ያልነገረችው ነገር በሰማያዊ ቀለም ተሥሎ ፊቷ ቆሟል።

ሰማው ከሥዕሉ የሠራው የኮምፒዩተር ሞዴል ቁጥር ይፈልግ ነበር። ሰማው ቀን በቀን እየመጣ ይጠይቃታል፤ አንድ ስህተት ለማረም ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል፣ ካረመችው ውስጥ ስንቱ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከላፕቶፑ ቀና ሳይል «ማታ ለስንት ሰዓት ያህል ትተኛለሽ?» አላት።

«ለምን?»

«የደከመ ሰው የሚሠራው ስህተት ይጨምራል። ሞዴሉ ውስጥ ይገባል።»

«ሰባት፣ ስምንት ሰዓት።»

ያኔ ቀና ብሎ አያት። ብዙ አያት። ዓይኗ ሥር የጠቆረውን፣ ሻርፗን ደጋግማ የምታስተካክልበትን ጣቷን ሁሉ አየ። ዘሚራ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። «ውሸቴን ነው» አለች ቀስ ብላ። «አልተኛም። ዓይኔን ስጨፍን ያበላሸሁት ነገር ይታየኛል። አንድ ቀን በእኔ ስህተት ሰው ይሞታል ብዬ እፈራለሁ።»

ሰማው ይህንን ላፕቶፑ ላይ አልጻፈውም። ክዳኑን ዝቅ አድርጎ ዘጋውና አጠገቧ ተቀመጠ። ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ» ይል ነበር። እሱ አላለም። ለዘሚራ ከዚያ የበለጠ የፍቅር ቃል ማንም ነግሯት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለቱም አቅደውት አልሆነም። ፋሲካ አካባቢ፣ ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት «ዘሚራ፣ ከሞዴሉ ውስጥ ሆን ብዬ ያወጣሁት አንድ ነገር አለ» አላት።

«ምንድን ነው?»

«እኔን። የምመጣው ለቁጥሩ መሆኑ ካቆመ ቆይቷል።»

ልቧ በደስታ ዘለለ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ በፍርሃት ወረደ። አባቷ በሞጣ መስጊድ ከፊተኛው ሰልፍ የማይታጡ ሰው ናቸው። እሱ የመሪጌታ ልጅ ነው። በከተማው የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ቤት ለሠርግም ለለቅሶም አብሮ ይቀመጣል፤ ልጅ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከቢሮው ሲወጡ አንዳቸው ቀድመው አንዳቸው ዘግይተው ይወጣሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደ ባዳ «እንዴት ዋልሽ» ይባባላሉ። በሩቁ ሲተያዩ ግን ዘሚራ ከተማው በሙሉ ያያት ይመስላት ነበር።

*

ግንቦት ላይ አቶ ቢያድግልኝ ሰማውን ያገኘውን ውጤት እንዲያቀርብ ጠሩት። ለጋሾቹ ሰኔ ውስጥ ሊመጡ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ከዚያ በፊት የሁለቱ ከተሞች ካርድ ተዋሕዶ አንድ እንዲሆን ፈልገዋል። ሰማው ግድግዳው ላይ አንድ ግራፍ አሳየ። ሥራ በበዛበት ሳምንት የሚፈጠረው ስህተት እንደ ዳገት ሽቅብ ይወጣል።

አቶ ቢያድግልኝ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «እንግዲህ ፕሮግራሙን የምትነካው ዘሚራ ብቻ ናት» አሉ። «የስህተቱ ምንጭ እሷ ናት ማለትህ ነው?»

ዘሚራ ሰማውን አየችው። አንድ ቃል ጠበቀች፤ «አይደለም» የሚል። ሰማው አፉን ከፈተ፣ ግራፉን አየ፣ እሷን አየ፣ አፉን መልሶ ገጠመ። ከዚያ «እንደዚያ በቀላሉ የሚባል አይደለም» አለ። ያ መልስ ለዘሚራ ዘግይቶ የመጣ ብቻ አልነበረም፤ ባይመጣ ይሻል ነበር።

«ገባኝ» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። «በይ ዘሚራ፣ ካርዱን ለጋሾቹ ሳይመጡ አዋሕጂልኝ። ጥንቃቄ አድርጊ እንግዲህ።»

ሰማው ከስብሰባው በኋላ በረንዳው ላይ ጠበቃት። ሳታየው አለፈች። ማታ መልእክት ላከላት፤ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ።» አልመለሰችም። በማግስቱም ላከ። እንቅልፏን፣ ፍርሃቷን፣ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን ሁሉ ለእሱ አስረክባ ነበር። አሁን እሱ ወስዶ ግድግዳ ላይ የሰቀለው መሰላት። ሰማው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቢቸና ተመለሰ።

ዘሚራ ካርዶቹን በንዴትና በጥድፊያ አዋሐደቻቸው። ሁለቱ ከተሞች የካርድ ቁጥር የሰጡት በየራሳቸው ስለነበር ቁጥሩ አይጠቅምም። ስለዚህ ስም፣ የአባት ስምና ዕድሜ የገጠመለትን ሁሉ አንድ ሰው ነው ብሎ እንዲያገናኝ ፕሮግራሙን አዘዘችው። ያለቀው ዓርብ ማታ ነው። አቶ ቢያድግልኝ ደስ አላቸው። ሰኞ ስልክ አልጮኸም። ማክሰኞም አልጮኸም። ረቡዕ ጠዋት ዘሚራ ጠረጴዛዋ ላይ ድምፁ የጠፋውን ስልክ አየች። ሰማው የነገራት ቀን ይህ ነበር።

የድሮዎቹን ቅጂዎች አውጥታ ከአዲሶቹ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመረች። ብዙም ሳትሄድ አገኘችው። ስምና የአባት ስም በዚያ አገር ይደጋገማል፤ ዕድሜውን ደግሞ ብዙው ሰው በግምት ነው የሚናገረው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ካርድ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጥሎም ሌላ። ቀጥሎም ሌላ።

ከዚያ «ስንቄ ደምለው» የሚል ስም አየች።

አንዷ ስንቄ ደምለው በየወሩ ለልቧ ሕመም ፔኒሲሊን የምትወጋ የሞጣ ገጠር ሴት ናት። ሌላዋ ስንቄ ደምለው የቢቸና ናቸው፤ በድሮው ካርዳቸው ላይ በቀይ «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» ተብሎ ተጽፏል። ሲዋሐድ ቀዩ ጽሑፍ ጠፍቷል። አዲሱ ካርድ «ፔኒሲሊን፤ በየወሩ ይወስዳሉ» ይላል።

ቢቸና። ስንቄ ደምለው። የሰማው እናት፤ ስማቸውን ከእሱ ሰምታዋለች።

ከሥሩ የዛሬ ጠዋት መዝገብ አለ፤ ኔትወርኩ ሳይቋረጥ የመጣ። እግራቸውን ማጭድ ቆርጧቸው ቁስሉ አመርቅዟል። የታዘዘው ፔኒሲሊን ነው። «ተሰጠ» የሚለው ቦታ ገና ባዶ ነበር።

ዘሚራ ስልኩን አነሳች። የቢቸናው ክሊኒክ መስመር የለም። የሰማውን ሞባይል ደወለች፤ ጥሪ አይቀበልም። ደግማ ደወለች። ያ የሴትዮዋ ድምፅ፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም የሚለው፣ ያን ቀን የመርዶ ያህል ጆሮዋን ወጋው። ቢቸና ኔትወርክ ከጠፋ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይጠፋል።

ወደ ካርድ ክፍሉ ሮጣ ሄዳ «ፕሮግራሙን ዘግቻለሁ። ወደ ወረቀቱ ተመለሱ፤ ኮምፒዩተሩ ያለውን አትመኑ» አለች። አቶ ቢያድግልኝ ከቢሯቸው ወጡ።

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«ማንም። ካርዱ ሰው አቀያይሯል።»

«ለጋሾቹ እኮ ሰኞ ናቸው።»

የድሮውም የአዲሱም ካርድ ያለበትን ላፕቶፗን አንሥታ በሩን ከፍታ ወጣች።

*

ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና መናኸሪያ ውስጥ እስኪሞላ መጠበቅ አልቻለችም። አባቷ እህል በረንዳ ላይ ከገበሬ ጋር ጤፍ ሲያዩ አገኘቻቸው። እህል የሚጭኑባት ፒካፕ ደጅ ቆማለች።

«አባባ፣ ቢቸና አድርሰኝ። አሁን።»

ሐጅ አብዱራዛቅ ፊቷን አዩት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ሆና አይተዋት አያውቁም። ጤፉን ከእጃቸው አራግፈው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «ቢስሚላህ» አሉና ሞተሩን አስነሡት። ከከተማው እስኪወጡ አልጠየቋትም።

መንገዱ ገና እየተሠራ ነበር፤ የሰኔ ዝናብ ተለዋጭ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። ዘሚራ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የኔትወርኩን ምልክት ትመለከታለች።

«ሰው ታመመ?» አሉ አባቷ።

«በእኔ ስህተት የማይስማማቸውን መድኃኒት ሊወጉ ነው። አንዲት እናት ናቸው።»

«ታውቂያቸዋለሽ?»

ይህን ጥያቄ ወራት ሙሉ ስትፈራው ኖራለች። ቤት ውስጥ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ተዘጋጅታበት የምትመልሰው ይመስላት ነበር። አሁን ግን የምትዋሽበት ጉልበት አልነበራትም።

«አላውቃቸውም። ልጃቸውን ነው የማውቀው።»

ሐጅ አብዱራዛቅ መሪውን ጨበጥ አደረጉ። «እንዴት ነው የምታውቂው?»

«አባባ፣ እወደዋለሁ።» እንባዋ ወረደ። «ክርስቲያን ነው። የመሪጌታ ልጅ ነው። ተጣልተናል። ዛሬ ደግሞ እናቱን ልገድልበት ነው።»

አባቷ ዓይናቸውን ከጭቃው ላይ አላነሡም። መኪናዋን ግን አላቀዘቀዟትም፤ እንዲያውም ይበልጥ ነዷት። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትፈራ አታውቅም ነበር፤ ወዲያ ማዶ የሚጠብቃትን ወይስ አጠገቧ የተቀመጠውን።

መንገዱ ላይ ያለችው ጉንደ ወይን ሲደርሱ ስልኳ ላይ ሁለት የኔትወርክ መስመር ብቅ አለ። ለቢቸናው ክሊኒክ ደወለች። ተነሣ።

«ሲስተር ወይንእሸት፣ ዘሚራ ነኝ ከሞጣ። ወይዘሮ ስንቄ ደምለውን ፔኒሲሊን እንዳትወጊያቸው፤ ካርዱ የሌላ ሰው ነው።»

ወዲያ በኩል ጩኸትና የእግር ኮቴ ይሰማል። ነርሷ እያለከለከች ነበር። «ዘሚራ... ወጋኋቸው እኮ። አሁን ወድቀዋል፣ ትንፋሻቸው...» ስልኩ ተቋረጠ።

ዘሚራ የተቋረጠው ኔትወርኩ ይሁን የሴትዮዋ ነፍስ መለየት አቃታት። ደግማ ደወለች። ደግማ ደወለች። አባቷ አንድ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥተው ስልኩን ቀስ አድርገው ከእጇ ወሰዱት።

«በቃ ልጄ» አሉ። «አሁን አላህን ነው የምንለምነው።» ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳቸውም እንደፈሩ ያወቀችው ያኔ ነው።

*

ቢቸና ክሊኒክ ግቢ ሲገቡ ሰማው በረንዳው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነበር። ዘሚራ ከመኪናዋ ወረደች። ፊቱን ለማንበብ ሞከረች፤ አልተነበበላትም።

«በሕይወት አሉ?» አለች።

«በሕይወት አለች።» የሰማው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «ፊቷ አበጠ፣ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ትንፋሽ አጣች። ሲስተር አድሬናሊን የሚባለውን ማዳኛ ወጋቻት። እኔ እጇን ይዤ ነበር። ሲቀዘቅዝ ይታወቀኝ ነበር፣ ዘሚራ።»

በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መቅረብ አልደፈረችም። «እኔ ነኝ» አለች። «ካርዳቸውን ከሌላ ሴት ጋር ያዋሐድኩት እኔ ነኝ። በንዴት ነበር የምሠራው። ሳልሞክረው አስገባሁት። የፈለግከውን በለኝ።»

ሰማው የተናገረው ግን እሷ የጠበቀችውን አልነበረም።

«ሌላ ግራፍ ነበረኝ።»

«ምን?»

«በዚያ ስብሰባ ላይ ያላሳየሁት። ካርዶቹ በዚያ ጥድፊያ ቢዋሐዱ ምን እንደሚሆን በሞዴሉ ሞክሬው ነበር። ያልተገኘው ስህተት ከየትኛውም ጊዜ በላይ ይከማቻል፤ ስልኩ ደግሞ ዝም ይላል። ያን ባወጣው አቶ ቢያድግልኝ አንቺን የሚያባርሩሽ መሰለኝ። ደግሞ አንቺ አትተኚም ነበር። ይበልጥ አላስፈራትም ብዬ ደበቅኩት። ሲጠይቁኝ የደነዘዝኩት ለዚያ ነው፤ እውነቱን ለመመለስ የደበቅኩትን ማውጣት ነበረብኝ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እናቴን የወጋት የአንቺ ስህተት ብቻ አይደለም። የእኔም ዝምታ ነው።»

ዘሚራ አየችው። ሳምንታት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ቂም ቦታውን ሲለቅ፣ በሥሩ የነበረው ሐዘን ወጣ።

«እኔ እኮ በየትኛውም መንገድ እፈራ ነበር» አለችው። «ብትነግረኝም እፈራ ነበር፣ ሳትነግረኝም ፈራሁ። በመደበቅህ ከፍርሃት አላዳንከኝም፣ ሰማው። ብቻዬን ነው የተውከኝ።»

ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ ከዚያ መኪናው አጠገብ የቆሙትን ሐጅ አብዱራዛቅን አየና መለሰው።

በሩ ተከፈተና ሲስተር ወይንእሸት ብቅ አለች። «ዘሚራ፣ ይጠሩሻል።»

«እኔን?»

«የመድኃኒቱን ነገር ሳስረዳቸው ስምሽን ሰሙ። አምጪልኝ ብለዋል።»

ወይዘሮ ስንቄ አልጋው ላይ ቀና ብለው ተደግፈዋል። ፊታቸው እንዳበጠ ነው፤ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። አንገታቸው ላይ ያለው የጥቁር ክር ማዕተብ ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ዘሚራ በሩ ላይ ቆመች። የተዘጋጀችው ለእርግማን ነበር።

«እማማ» አለች።

«ምነው ትቆሚያለሽ፣ ቅረቢ እንጂ» አሉ ሴትዮዋ በሰለለ ድምፅ። «ነርሷ ጠይቃኝ ነበር። የማይስማማኝ መድኃኒት አለ፣ ስሙን አላውቀውም፣ ካርዴ ላይ አለ አልኳት። ካርዱን አምኜ ተወጋሁ።»

«ካርዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ሰማሁ። ከሞጣ ድረስ በዚህ ጭቃ የመጣሽውም አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

ወይዘሮ ስንቄ ለረዥም ጊዜ አዩዋት። ሻርፗን፣ ጭቃ የተለቀለቀ ጫማዋን። ከዚያ በረንዳው በኩል ወዳለው መስኮት አዩ፤ የልጃቸው ጀርባ ይታያል።

«ይህ ልጅ ከሞጣ ከተመለሰ ወዲህ እህል አይቀምስም» አሉ። «ምን ሆንክ ስለው ሥራ ይለኛል። እኔም ሥራ የሚሉት ምን ዓይነት በሽታ ነው እያልኩ ነበር።» ሳሉ፤ ዘሚራ ደንግጣ ተጠጋች። አሮጊቷ እጇን ያዙት። «ስለ እናንተ ነገር ዛሬ አልነጋገርም። ነገሩን አልወደውም፤ አልዋሽሽም። ግን ሞት እንዲህ ቅርብ እንደሆነ ሳላውቅ ነው የኖርኩት፣ ፈርቻለሁ። ልቤ እስኪረጋጋልኝ እጄን አትልቀቂው።»

ዘሚራ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ፍቅሯን የማይወዱላት የእናቱ እጅ በእጇ ውስጥ እየሞቀ ሲሄድ ይታወቃት ነበር። እንዲህ ያለ ይቅርታ አይታ አታውቅም፤ ይቅርታም መሆኑን እርግጠኛ አልነበረችም።

ስትወጣ ላፕቶፗን ከመኪናው አወረደችው። «ሌሎች አሉ» አለችው ሰማውን። «ስማቸው ገጥሞ የተዋሐዱ። ነገ ጠዋት ክሊኒክ የሚሄድ ይኖራል። ዛሬውኑ ሁሉም ተገኝተው ሊነገራቸው ይገባል።»

«እስከ ስንት ይሆናሉ?»

«አላውቅም። በጣም እፈራለሁ።»

«እኔም» አለ ሰማው፤ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። በመካከላቸው ላፕቶፑ ብቻ ነበር። እሷ የድሮውን ካርድ ታነባለች፣ እሱ አዲሱን፤ ሁለት ሰው ሆኖ የተገኘውን ሲስተር ወይንእሸት እየተቀበለች ኔትወርኩ በያዘላት ቁጥር ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትደውላለች። አንዱ ስም ሲወጣ የዘሚራ ድምፅ ይቆረጣል፤ ሌላው ሲወጣ የሰማው። ማናቸውም ፍርሃታቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ዘሚራ ቀና ብላ ወደ ግቢው አየች። አባቷ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ወደ እነሱ ያያሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ይሁን ሐዘን ከዚያ ርቀት አይለይም። ወደ ሞጣ በሚመለሱበት መንገድ ምን ሊሏት ይሆን? ግን ሞተሩን አላስነሡም፤ ክላክስም አላደረጉም። በሩን ከፍተው እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው እንደሚቆይ ሰው ተመቻችተው ተቀመጡ።

ሰማውም አይቷቸዋል። ወደ ስክሪኑ ተመለሰና የሚቀጥለውን ስም አነበበ፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። ዘሚራም በተንቀጠቀጠ ድምፅ ተቀበለችው። ከሥራዋ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ እንዲህ ፈርታ ደግሞ ከሰው አጠገብ መሆኗ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።